የ8 ሰዓቱ ካርድ አቤትመንት አያሠራም፦ የእርሳስ ቀለም ሥራ ውስጥ ላላችሁና ለመግባት ለምታስቡ

ዛሬ የፖለቲካውን ወሬ ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ስለ እንጀራችን እናውራ። ቪዲዮው ላይ በጥድፊያ የነካካሁትን ጉዳይ ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ቁጥር ስለሚበዛበት ሰምታችሁ ብቻ የምታልፉት አይደለም፣ ተመልሳችሁ የምታዩት ነው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ የሀገራችን ልጅ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። መኪናው ጋራዥ ገብታበት ነው። ከሥራ መውጣቱ ስለነበር ጫማውም ሱሪውም ላይ ነጭ ብናኝ አለ። "ወንድሜ፣ ወንበርህን እንዳላቆሽሽብህ" አለና ላስቲክ አንጥፎ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው። ምን ትሠራለህ ስለው "የድሮ ቤት እናድሳለን፣ እኔ ቀለም እፍቃለሁ" አለኝ። ከዚያ ሁለት ነገር አጫወተኝ። አንደኛው፣ "የሌድ ሰርተፊኬት" ያስፈልግሃል ተብሎ ከኪሱ ከፍሎ፣ አንድ የሥራ ቀን አቃጥሎ፣ 8 ሰዓት ተምሮ ካርድ ተሰጥቶታል። ካርዱን ይዞ የተሻለ ይከፍላል የተባለ የአቤትመንት ድርጅት ጋ ሲሄድ ግን "ይሄ ለኛ ሥራ አይሆንም" ብለው መለሱት። ሁለተኛው የባሰው ነው። ዓመት ከምናምን የሆናት ልጁ ክሊኒክ ደሟ ተመርምሮ የእርሳስ መጠኑ ከፍ ብሏል ተብለዋል። "የምንኖረው አዲስ አፓርታማ ውስጥ ነው፣ ከየት መጣ?" ይለኛል።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ያነጠፈው ላስቲክ ላይ ነው። የኔን ወንበር ከብናኙ ለመጠበቅ የተጨነቀውን ያህል ልጁን እንዲጠብቅ የነገረው ሰው የለም። በዚያው ልብስ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያቅፋት።

ከዚያ ወዲህ ፌርማታ ላይ በቆምኩ ቁጥር ሕጉን ሳነብ ከረምኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ግን ሕጉ ለሁሉም ክፍት ነው፣ አንብቦ መረዳትም ይቻላል።

የትኛው እርሳስ ነው?

"እርሳስ" ሲባል ብዙዎቻችን የምንጽፍበትን እናስባለን። የመጻፊያው እርሳስ ውስጡ ግራፋይት እንጂ እርሳስ አይደለም። እዚህ የምናወራው ስለ ብረቱ ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ስለሚገባው፣ ፈረንጆቹ "ሌድ" ስለሚሉት። ድሮ ቀለም ውስጥ ይጨምሩት የነበረው ቀለሙ እንዲጠነክር፣ ቶሎ እንዲደርቅና እርጥበት እንዲቋቋም ነው። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ እንዳይገባ የከለከለችው በ1978 ነው። ባልቲሞር ከተማ ቀድማ በ1951 ለቤት ውስጥ ከልክላ ነበር። ሀገር ቤትም በ2018 የወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን 90 ፒፒኤም ላይ ገድቦታል። ስለዚህ እኛ ልጆች ሆነን የተቀባውን ቀለም ማንም አልተቆጣጠረውም ማለት ነው፣ ብዙዎቻችን ስለ ጉዳዩ ሳንሰማ ብናድግ አይገርምም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ የሚባለው፣ ግምቱን እንዲህ ያስቀምጣል። ከ1940 በፊት ከተሠሩ ቤቶች 87 በመቶው፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶው፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት 24 በመቶው የእርሳስ ቀለም አለባቸው። በላዩ ላይ አሥር ጊዜ አዲስ ቀለም ቢቀባበት እንኳ የድሮው ከሥር አለ። ካልተነካና ካልተላጠ ብዙ ችግር አይፈጥርም። ችግሩ የሚመጣው ሲፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ፣ ግድግዳው ሲፈርስ ነው። መስኮት ደግሞ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ እየተፋተገ ብናኝ ያወጣል፣ ብናኙም ደፉ ላይ ይቀመጣል። ህፃን ልጅ መሬት ይድሃል፣ መስኮቱን ይይዛል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። አለቀ።

ለልጅ አስተማማኝ የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ሲዲሲ ከ2021 ጀምሮ በደም ውስጥ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራምን እንደ ማነጻጸሪያ ይዟል። ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ከየት ነው ተብሎ ይፈለጋል። ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው፤ ትምህርት መቀበልን፣ ትኩረትን፣ ጠባይን ይነካል። በአዋቂ ላይ ደግሞ የደም ግፊት፣ የኩላሊት፣ የመውለድ ችግር ያመጣል። እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል፣ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊሄድ ይችላል። "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም" የሚለው አያዋጣም፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ምንም ስሜት የለውም። የሚያውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ሁለቱን ወረቀቶች አታምታቱ

አሁን ወደ ልጁ ካርድ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከእርሳስ ቀለም ጋር የተያያዙ ሁለት የተለያዩ የሥራ ፈቃዶች አሉ። ሰው "የሌድ ሰርተፊኬት" ብሎ በአንድ ስም ስለሚጠራቸው ነው ገንዘባችን የሚበላው።

አንደኛው አር አር ፒ ይባላል፤ የእድሳት፣ የጥገናና የቀለም ሥራ ሕግ ነው። ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2010 ነው። ዓላማው እርሳሱን ማስወገድ አይደለም። ኩሽና ልታድሱ፣ መስኮት ልትቀይሩ፣ ግድግዳ ልትቀቡ ነው የገባችሁት፣ ሥራውን ስትሠሩ ብናኙን አትበትኑ ነው የሚለው። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ፊት በላይ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ከ20 ካሬ ፊት በላይ ቀለም የሚነካ ሥራ ከሆነ ሕጉ ይመለከታችኋል። መስኮት መቀየርና ማፍረስ ግን መጠኑ ምንም ይሁን ምን ይመለከታችኋል። ለዚህ "ሰርቲፋይድ ሪኖቬተር" ለመሆን ኮርሱ 8 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ውስጥ 2 ሰዓቱ በእጅ የሚሠራ ልምምድ ነው። ፈተናውን በ70 በመቶ ማለፍ ነው። ካርዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ልጁ የያዘው ይሄን ነው።

ሁለተኛው አቤትመንት ነው። የዚህኛው ዓላማ ራሱ እርሳሱ ነው፤ አደጋውን ለዘለቄታው ማጥፋት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልጅ ተመርዞ የጤና ቢሮው ሲያዝዝ ወይም ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ሲታደስ ነው። አሠራሩ አራት ዓይነት ነው፦ ቀለሙን ማንሳት፣ ዕቃውን አውጥቶ በአዲስ መተካት፣ በግድግዳ ማልበሻ መሸፈን፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ወፍራም ቅብ ማሸግ። ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን በፊት ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ነዋሪዎቹ እንዴት እንደሚጠበቁ በጽሑፍ ይዘጋጃል። ሲያልቅ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው የብናኝ ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ልኩ ካለፈ ማጽዳቱ እንደገና ነው።

ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። በአር አር ፒ ሥራ ላይ አንድ ሰርተፊኬት ያለው ሰው ካለ ሌሎቹን እዚያው አሠልጥኖ ማሠራት ይችላል። በአቤትመንት ግን መጋረጃ ላስቲክ የሚወጥረው ሠራተኛ ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የ8 ሰዓቱ ካርድ እዚህ አይሠራም። ልጁን የመለሱት ተንኮለኞች ስለሆኑ አይደለም፣ ቢቀጥሩት ሕግ መጣሳቸው ነው።

የአቤትመንት ደረጃዎች

በኢፒኤ ሕግ መሠረት ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሠራተኛ፦ ኮርሱ ቢያንስ 16 ሰዓት ነው፣ ግማሹ በእጅ የሚሠራ ልምምድ። የቀድሞ ልምድ አይጠየቅም። መግቢያ በሩ ይሄ ነው።

ሱፐርቫይዘር፦ 32 ሰዓት። እንደ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ 1 ዓመት መሥራት፣ ወይም በግንባታ ሙያ አለበለዚያም በአስቤስቶስና በመሰል ሥራ 2 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሀገር ቤት አናጺ ወይም ግንበኛ የነበራችሁ፣ እዚህም በግንባታ የቆያችሁ፣ ይቺን መስመር ልብ በሉ። በሠራተኛ ደረጃ አንድ ዓመት ሳታልፉ በቀጥታ ልታመለክቱ ትችሉ ይሆናል። ለዚህ ግን ልምዳችሁን የሚመሰክር ወረቀት ያስፈልጋል። በካሽ የተሠራ ሥራ ወረቀት የለውም፣ እሱ ነው ችግሩ። ከኮርሱ ሌላ፣ ትምህርት ቤቱ ያላዘጋጀው የውጭ ፈተናም አለ። በ6 ወር ውስጥ እስከ 3 ጊዜ መሞከር ይቻላል፣ ካልሆነ ኮርሱን እንደ አዲስ ነው።

ኢንስፔክተር፦ 24 ሰዓት፣ ከውጭ ፈተና ጋር። ኢንስፔክተር አይፍቅም፣ አያፈርስም። ኤክስ አር ኤፍ የሚባል ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ይዞ ግድግዳውን ይለካል፣ ናሙና ይወስዳል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ወገባቸው ለደከመና እንግሊዝኛ መጻፍ ለማይከብዳቸው ይሄ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። በላዩ ላይ 16 ሰዓት ተጨምሮ፣ የትምህርት ወይም የልምድ መስፈርቱ ተሟልቶ፣ ሪስክ አሰሰር ወደሚባለው ይደረሳል።

ኮርሱን መጨረስ ማለት ፈቃድ አገኙ ማለት አይደለም። በኮርሱ ሰርተፊኬት ለ6 ወር ብቻ ነው በጊዜያዊነት የሚሠራው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማመልከቻ አስገብታችሁ ዋናውን ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ ብዙ ስቴቶች የራሳቸው መሥሪያ ቤት አላቸው። ለምሳሌ በኛ አካባቢ የአቤትመንት ፈቃድ ሜሪላንድ ላይ የስቴቱ የአካባቢ መሥሪያ ቤት፣ ቨርጂኒያ ላይ የሙያ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። ዲሲ ደግሞ የራሷ አላት። ወንዙን በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። ስለዚህ ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄያችሁ "የሌድ ሰርተፊኬት ትሰጣላችሁ ወይ?" አይሁን። "እኔ በዚህ ስቴት የአቤትመንት ሠራተኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ይሄ ኮርስ በስቴቱ እውቅና አለው ወይ?" በሉ። መልሱን ከትምህርት ቤቱ ብቻ አትቀበሉ። የስቴቱና የኢፒኤ ድረ ገጽ ላይ እውቅና ያላቸው አሠልጣኞች ዝርዝር አለ።

አንድ የማጭበርበር ምልክት ልስጣችሁ። የመጀመሪያውን አር አር ፒ ካርድ "ሙሉ በሙሉ ኦንላይን፣ ከቤት ሳትወጡ" የሚላችሁ ካለ ሽሹ። የመጀመሪያው ኮርስ በእጅ የሚሠራ ልምምድ የግድ አለው። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚፈቀደው የማደሻው ኮርስ ነው፣ እሱም ካርዱን ለ5 ሳይሆን ለ3 ዓመት ነው የሚያድሰው።

"ለብቻዬ ነው የምሠራው" ለምትሉ

በራሳችሁ ስም ሥራ የምትይዙ ቀለም ቀቢዎችና ሃንዲማኖች፣ ካርዱ የግለሰብ ነው። ከሱ ሌላ የድርጅት ምዝገባ አለ። ብቻችሁን ብትሆኑም በሕጉ ዓይን "ድርጅት" ናችሁ። ኢፒኤ ለአር አር ፒ የድርጅት ምዝገባ የሚያስከፍለው 300 ዶላር ነው፣ 5 ዓመት ይቆያል። ካርድ ኖሯችሁ ይሄ ከሌላችሁ ጎዶሎ ነው። ቅጣቱ ደግሞ በአንድ ጥሰት በአሥር ሺህዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል፣ የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ደብዳቤ ይሄዳል።

ቤት ያላችሁም አትዝለሉት። የራሳችሁን መኖሪያ ራሳችሁ ስታድሱ ይሄ ሕግ አይመለከታችሁም። ነገር ግን ቤዝመንቱን አከራይታችሁ ከሆነ፣ ቤት ገዝታችሁ አድሳችሁ የምትሸጡ ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ዴይኬር ከከፈታችሁ ይመለከታችኋል። እህቶቼ፣ ዴይኬር የምትሠሩ ስንት ናችሁ! ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ባለቤታችሁ ግድግዳ ሊፍቅ ሲነሳ ሰኞ የሚመጡትን ልጆች አስቡ።

መብታችሁ

የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ ለግንባታ ሠራተኞች የተለየ የእርሳስ ሕግ አለው። ብናኙ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አሠሪው የደም ምርመራ በነፃ ማድረግ፣ ሬስፒሬተርና የሥራ ልብስ ከራሱ ኪስ ማቅረብ፣ መታጠቢያ ማዘጋጀት አለበት። ሥልጠናውንም ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መስጠት ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው እንግሊዝኛ ወረቀት አስፈርሞ "አሠልጥኜዋለሁ" ማለት አይቻልም። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ምንም ይሁን ምን ጥበቃው ይመለከታችኋል። አቤት በማለታችሁ ከተባረራችሁ የበቀል ክስ ለማቅረብ ያላችሁ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፣ "እስቲ ትንሽ ልታገሥ" ስትሉ ያልፋል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። በ1099 የሚያሠሯችሁ ከሆነ በወረቀት ላይ ተቀጣሪ አይደላችሁም፣ የራሳችሁ አለቃ ናችሁ። ኦሻ ደግሞ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው። ሰዓታችሁን እሱ እየወሰነ፣ መሣሪያውን እሱ እየሰጠ 1099 የሚጽፍላችሁ ሰው ታክስ ብቻ አይደለም የሚያመልጠው፣ የደም ምርመራውንም ጭምር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በእውነት ተቀጣሪ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ምክር ጠይቁ፣ ዝም አትበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል። በኦሻ ሕግ ሠራተኛን ከእርሳስ ሥራ ከነደሞዙ የሚያሳርፈው ደሙ ውስጥ 50 ማይክሮግራም ሲገኝ ነው። ለልጅ 3.5፣ ለአባቱ 50! ሕጉ የተጻፈው ድሮ ነው፣ አንዳንድ ስቴቶች ዝቅ አድርገውታል። እናንተ ግን 50 እስኪሞላ አትጠብቁ። ለሐኪማችሁ "እርሳስ ባለበት ቤት እሠራለሁ፣ ደሜን መርምረኝ" በሉት። ልጆቻችሁ ሜዲኬድ ላይ ከሆኑ ደግሞ በ12 እና በ24 ወራቸው የእርሳስ ምርመራ ሊደረግላቸው ግዴታ ነው። ካልተደረገ ጠይቁ።

ብናኙን ይዛችሁ አትግቡ

ሰርተፊኬቱ እስኪመጣ ድረስም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ የሚደረግ ነገር አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

የሥራ ልብስና ጫማ እሥራው ቦታ ቀይሩ። የተቀየረውን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ለብቻው እጠቡ፣ ከልጅ ልብስ ጋር አንድ ማሽን ውስጥ አይግባ። በሥራ ልብስ መኪና ውስጥ መግባት የግድ ከሆነ ወንበሩን ሸፍኑ፣ የልጅ ወንበር ያለበትን መኪና ግን አትንኩት። ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ሻወር፣ ከዚያ ልጅ ማቀፍ። ልጁ ሮጦ ሲመጣ "ቆይ" ማለት እንደሚከብድ እኔም አባት ስለሆንኩ አውቃለሁ። ቢሆንም ቆይ በሉት።

ሥራ ላይ እጅ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ አታጭሱ። ደረቁን አትፋቁ፣ አርጥባችሁ ፋቁ። ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ የተለመደው ቫኪዩም ብናኙን መልሶ ስለሚበትነው ሄፓ የተባለውን ተጠቀሙ። በእሳት ማቃጠልና ከ1,100 ፋራናይት በላይ የሚያሞቅ መሣሪያ ክልክል ነው፣ ምክንያቱም እርሳሱ ጢስ ሆኖ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ተራው የጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ ለዚህ አይጠቅምም።

ሥራውን ፈርታችሁ እንድትተዉት አይደለም ይሄን ሁሉ የምጽፈው። የድሮ ቤቶቹ ብዙ ናቸው፣ ሥራው ገና ለዓመታት አለ። ይባስ ብሎ ኢፒኤ በ2024 ከአቤትመንት በኋላ ወለል ላይ እንዲቀር የሚፈቀደውን ብናኝ በካሬ ፊት ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም አውርዶታል፣ ስለዚህ በደንብ የሠለጠነ ሰው ይፈለጋል። ያለ ወረቀት የሚፍቀው ሰው ግን አነስተኛውን ደሞዝና ትልቁን ብናኝ ነው የሚወስደው። ወረቀት ያለው የተሻለ ይከፈለዋል፣ ሬስፒሬተርም ይሰጠዋል። 16 ሰዓት ማለት ሁለት ቀን ነው። እኛ ለአንድ ሰርግ ሁለት ቀን እንሰጥ የለ?

አውሮፓና ገልፍ ያላችሁ፣ የፈቃዱ ዝርዝር የአሜሪካ ስለሆነ የያላችሁበትን ሀገር ሕግ ጠይቁ። ስለ ብናኙ የጻፍኩት ግን የትም ቢሆን ያው ነው።

ያ ልጅ ከታክሲው ሲወርድ ላስቲኩን ጠቅልሎ ይዞ ወረደ። ስልክ ተለዋውጠን ነበርና ያነበብኩትን ሁሉ ነግሬዋለሁ። አሁን ሥራ ቦታው ልብስ ይቀይራል፣ ልጅቷም ተመልሳ ልትመረመር ቀጠሮ ተይዞላታል። የ16 ሰዓቱን ኮርስ ደግሞ ስቴቱ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ተመዝግቧል።

ቀለም የሚፍቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩለት። ማንበብ ከደከመው ሚስቱ ታንብብለት። በሚቀጥለው ቪዲዮ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።